መርፌው እስኪለቀኝ

የወር አበባዋ ሲዘገይባት የምትደነግጥ ሴት ብዙ አይቻለሁ። እንዲመጣላት ጧፍ የምታበራ ሴት ግን ከራሴ ሌላ አላውቅም። በዚያ ዓመት ክረምት፣ ጎንደር ማራኪ ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለችው የፎቶ ኮፒ ቤቴ ውስጥ፣ የሞቀውን ማሽን በሆዴ ተደግፌ ደሜን እጠብቅ ነበር።

ነገሩ ከመርፌው ይጀምራል። ከተጋባን ጀምሮ የሦስት ወሩን መርፌ እወጋ ነበር። መጀመሪያ ምክንያታችን ቤቱ ነበር፤ የተከራየናት ክፍል አልጋችን ከገባ በኋላ እኛን ለማስገባት የምታመነታ ዓይነት ነበረች። ቀጥሎ ባሌ የሚነዳት ታክሲ የራሳችን እስክትሆን አልን። ቀጥሎ ደግሞ ሀገሩ ትንሽ ይርጋ አልን። ሀገር እስኪረጋ ልጅ አይወለድ ቢባል ጎንደር ውስጥ ማን ይወለድ ነበር? ይህ ግን የገባኝ ቆይቶ ነው። ብቻ ቀኑ ሲደርስ ጤና ጣቢያ ሄጄ ክንዴን እሰጣለሁ፣ ሲስተሯ ትወጋኛለች፣ እመለሳለሁ። እየቆየ የወር አበባዬ ጭራሽ ቀረ። «መርፌው ነው፣ አያስጨንቅሽ» አሉኝ፤ እኔም አልተጨነቅሁም። እውነቱን ለመናገር ተመችቶኝ ነበር። ከመስከረም እስከ ጳጉሜ ሰውነቴ አንድ ዓይነት ሆነ።

ኋላ ልጅ አማረን። መርፌውን ተውኩትና በሚቀጥለው ወር አረግዛለሁ ብዬ ጠበቅሁ። ሲስተሯ ሳቀችብኝ።

«አንቺ መርፌውን ተውሽው እንጂ መርፌው መች ተወሽ» አለችኝ። «አንዳንዷ በጥቂት ወር ይመለስላታል፣ አንዳንዷ ዓመት ያልፋታል። አበባሽ ሳይመጣም ልታረግዢ ትችያለሽ፣ እየመጣሽ ተመርመሪ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

ይህን ተረት ያወጣው ሰው ልጆቹን ወልዶ የጨረሰ ይመስለኛል።

ገበያ የማገኛቸው ሴቶች ደግሞ ሌላ ይላሉ። መርፌ ማህፀን ያደርቃል ይላሉ። ፊት ለፊታቸው እስቅባቸዋለሁ፣ ወሬ ነው እላለሁ፤ እንዲያውም አንዷን ተቆጥቻት ለብዙ ጊዜ ተኮራርፈናል። ቤቴ ስገባ ግን እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ደርቄ ቢሆንስ? ያኔ ከዓለም የምፈልገው አንዲት ጠብታ ብቻ ነበር። ጠብታዋ ከመጣች ልጁም ይመጣል ብዬ አምኛለሁ።

ክረምት ሲገባ ተማሪው ወደየሀገሩ ይበተንና ማራኪ ጭር ይላል። ጉሙ ከታች ከከተማው እየተሳበ ይወጣል፤ ታክሲዎቹ በቀን መብራት አብርተው ሲያልፉ ድምፃቸው ይሰማል እንጂ እነሱ አይታዩም። ከመበተናቸው በፊት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያስባዙ ከነበሩት ተማሪዎች አንዷ ስለ ወሊድ መከላከያ ነበር የጻፈችው። ገጹን እያገላበጥኩ ራሴን ፈለግሁት። ሠንጠረዥ አለ፣ መቶኛ አለ፤ ማሽን ተደግፋ ስለምትጠብቅ ሴት ግን ምንም የለም። ለልጅቷ አልነገርኳትም፤ ባዝቼ፣ ጠርዤ ሰጠኋት።

ሥራ ሲጠፋ ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል። በዚያ እንቅልፍ አንድ ሕልም እየተመላለሰ ይመጣብኝ ነበር። ባዶ ወረቀት ማሽኑ ላይ አስተኛለሁ፣ ባዶ ወረቀት ይወጣል። የሚወጣው ግን ሙቅ ነው። ያን ሙቅ ወረቀት ደረቴ ላይ አቅፌ፣ ማንም እንዳይወስድብኝ በሩን በሩን አያለሁ። ስነቃ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፤ የት እንዳለሁ ቶሎ አይገባኝም።

አማቴ የመጡት በዚህ መሀል ነው። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ከሀገራቸው ከመካነ ብርሃን ተነሥተው፣ ጉልበታቸውን ሊታከሙ፣ አውቶቡስ ላይ ተንገላተው ተንገላተው ደረሱ። ዝናቡ መመለሻ ስላሳጣቸው እኛው ጋ ከረሙ። አልጋውን ለቀቅንላቸውና እኛ ፍራሽ ላይ ወረድን። ከወለዷቸው ልጆች የተረፈላቸው ባሌ ብቻ ነው። ስለ ሞቱት አያወሩም፤ ስለ ምንም ነገር ብዙ አያወሩም። ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይፈትላሉ። ምነው ዘገያችሁ ብለው አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁኝም፤ አለመጠየቃቸው ከጥያቄ ይከብደኝ ነበር። ስለ መርፌው ምንም አያውቁም።

እሑድ እሑድ አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን። በእኛ ዘንድ ሴት በወር አበባዋ ሰሞን ከቅጥሩ አትገባም፤ ከደጅ ቆማ ታስቀድሳለች። ካህናቱ ልማደ አንስት ይሉታል፣ እኛ አደፍ እንለዋለን። «ዛሬ ምነው ውጭ ቆምሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የማያይ ግን የለም። የገጠር አማት የምራቷን ወር የምታውቀው እዚያ በር ላይ ነው። እኔ ይህን ጭራሽ ረስቼው ነበር። እሑድ በመጣ ቁጥር እገባለሁ፣ እሳቸውም ከጎኔ ዝም ብለው ያያሉ።

እኔ እዚያ ውስጥ ሌላ ጭንቀት ነበረብኝ። ጧፌን አብርቼ በእመቤታችን ሥዕል ፊት ስቆም ምን ብዬ እንደምለምን ይጠፋኛል። ልጅ ስጪኝ ማለት ቀላል ነው። አደፍ ስጪኝ እንዴት ይባላል? ከዚያ ቤት የሚያስወጣኝን ነገር እዚያው ቤት ውስጥ ቆሜ መለመኔ ነው። እሷም ሴት ናት፣ ትረዳኛለች እያልኩ በግማሽ ቃል ተናግሬ እወጣለሁ።

ሐምሌ እንዲህ አለፈ፣ ፍልሰታ ገባ። በፍልሰታ ሱባኤው እስኪያልቅ በየቀኑ ይቀደሳል፤ ሕፃኑም ሽማግሌውም የሚውለው እዚያው ነው። ሱቄን እየዘጋሁ፣ አማቴን እየደገፍኩ ተመላለስኩ። አንድም ቀን ከደጅ አልቀረሁም።

ሱባኤው ሊገባደድ ሲል አንድ ጠዋት፣ ወደ ቅዳሴ ልንወጣ ስንል፣ አማቴ ተልባ በጥብጠው በኩባያ ያዙልኝ።

«ጠጪ።»

«እማማ፣ ጾም እኮ ነው። ቅዳሴ እንኳ አልገባም።»

«ጾሙ ለኔ ነው። አንቺ ጠጪ።»

«ምነው? አላመመኝም እኮ።»

«አላመመሽም፣ ሸጋ ነሽ። ዝም ብለሽ ጠጪ።»

እኚህ ሴት በዚያ ዕድሜና በዚያ ጉልበት ውኃ ሳይቀምሱ ቅዳሴው እስኪያልቅ የሚቆሙ ናቸው። ጾም ፍቺ የሚል ቃል ከአፋቸው የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ የውኃውን ጀሪካን ከእጄ ይነጥቁኝ ጀመር። ፈትላቸውም ተለወጠ፤ ክሩ ቀጠነ፣ ለሰለሰ። ከሁሉ የገረመኝ ማውራታቸው ነው። ባሌ የተወለደበትን ዓመት ውርጭ፣ ገብሱ እንዴት እንደተቃጠለ፣ እሱን እንዴት በብብታቸው ሥር አሙቀው እንዳሳደጉት ያወሩልኝ ጀመር። ዝም ብላ የኖረች ሴት ስታወራ ማቋረጥ ይከብዳል።

ነገሩን አፍርጦ የነገረኝ ባሌ ነው። ምሳ ሊበላ ሱቄ መጥቶ፣ ሳቅ ሳቅ እያለውም ፊቱ ጠቁሮም፣ «እናቴ ሀገር ቤት ደወለች» አለኝ። «ነጩን ገብስ እንዳትሸጡት አለቻቸው።»

«ለምን?»

«ለገንፎ።»

«ማን ወለደና?»

ዐይኑን ወደ ሆዴ ጣል አደረገው።

«ንገራታ!» አልኩት።

«ምን ብዬ? እሷ መች አርግዛለች አለችኝ? ያልተባለን ነገር አይደለም ብሎ የሚመልስ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አፍ የለህም?»

«ዝም አይነቅዝም» ብሎ እንጀራውን ጠቀለለ።

ተናደድኩበት፤ እውነቱን ግን ነው። በእነሱ ሀገር ጽንስ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ በአፍ አይጠራም፣ የሰው ዐይን ይፈራል። ያልተጠራን ነገር ደግሞ ማስተባበል አይቻልም። እሳቸው ያወቁ መስሏቸው ዝም አሉ፣ እኔ ያላወቅሁ መስዬ ዝም አልኩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይኸው ነው።

ምናልባት እኔ ያላየሁትን እሳቸው አይተውልኝ ይሆን ብዬ ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመረመርኩ። የለም። ሲስተሯ ያሳየችኝ አንድ መስመር ብቻ ነው። ስመለስ አማቴ «ጋደም በይ» አሉኝ፣ ጋደም አልኩ። እግሬን በጋቢያቸው ሸፈኑልኝ። አይደለም ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ጋቢው ግን ይሞቅ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የራሴ ነገር የሚገርመኝ። እንዳላረገዝኩ እያወቅሁ እርግዝናውን ኖርኩት። ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ። የበቆሎ እሸት አማረኝና ባሌ ጥብሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ፤ አማቴ ስበላ እያዩኝ ፈገግ አሉ፣ እኔም አፈርኩ፣ ግን በላሁት። በጉሙ ውስጥ ከሱቅ ወደ ቤት ስሄድ ብቻዬን የምሄድ አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ቦይ ልሻገር ስል «ጉድጓድ አለ፣ ተጠንቀቅ» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። አጠገቤ ማንም አልነበረም። እየሳቅሁ ተሻገርኩ፣ ትንሽ ሄድ ብዬ ግን ዞሬ ቦዩን አየሁት።

ጳጉሜ ላይ በሩፋኤል ዕለት ዘነበ። የዚያን ቀን ዝናብ ጠበል ነው፤ ሕፃናቱ ራቁታቸውን ይወጡበታል፣ ትልቁም ሰው ሳይነካው አይውልም። አማቴ እጄን ይዘው ግቢው መሀል አቆሙኝ። የቤት አከራያችን ከበረንዳዋ ላይ ሆና ታየናለች። ነጠላዬን ከራሴ ላይ አነሡና፣ በመዳፋቸው ውኃ እያቆሩ ሆዴን ከልብሴ ላይ ያርሱት ጀመር። «ፈታሔ ማኅፀን» ይላሉ፤ ካህናቱ ሩፋኤልን የሚጠሩት እንዲህ ነው፣ ማኅፀን የሚፈታ። «በሰላም ፍታት» ይላሉ። እኔም ዐይኔን ጨፍኜ «ፍታኝ፣ ፍታኝ» እላለሁ። እሳቸው ልጁ በሰላም እንዲወለድ ይለምናሉ፣ እኔ ደሙ እንዲወርድ እለምናለሁ። ዝናቡ ሁለታችንንም እኩል አበሰበሰን። ቅዝቃዜው አልተሰማኝም። እያዘንኩ ይሁን እየተደሰትኩ ሳይለይልኝ፣ ምነው ይህ ዝናብ ባያባራ ብዬ ተመኘሁ።

አዲሱ ዓመት ገባ፣ ተማሪው ተመለሰ፣ ማሽኑ መንጫጫት ጀመረ። በወርኃ ጽጌ አንድ እሑድ ጠዋት ደሙ መጣ። ከግቢው ጀርባ ካለው ሽንት ቤት ውስጥ ሆኜ አየሁትና ብቻዬን ሳቅሁ። አከራያችን «ምን ሆነሽ ነው?» ስትል ሰማኋት። ምን ልበላት? አልደረቅሁም! ለባሌ በጆሮው ስነግረው ብድግ አድርጎ ሊያሽከረክረኝ ምንም አልቀረው፤ እናቱን አይቶ ተወኝ።

በዚያ ደስታ መሀል እሳቸውን ረሳኋቸው። ነጠላዬን ለብሼ እንደ ሁልጊዜው ደግፌያቸው ወጣን። ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ክንዳቸውን ለቀቅሁና፣ ከግንቡ ሥር ከቆሙት ሴቶች ጎን ቆምኩ። እሳቸው ገባ ብለው ዞር አሉ። የቆምኩበትን አዩ። ፊታቸው ሲለዋወጥ ሳይ ነው የኔ ደስታ ለእሳቸው ምን እንደሆነ የገባኝ።

ተመልሰው ወጡ። ከጎኔ ግንቡን ተደግፈው መሬት ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አውርደው አዘቀዘቁት፤ ሰው ሲሞት እንደሚለበሰው። ሴቶቹ ዘወር ብለው አዩንና መልሰው ወደ ቅዳሴው ዞሩ።

«እማማ፣ ይነሡ። መሬቱ ይቀዘቅዛል።»

«መቼ ወረደ?» አሉኝ።

ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። መርፌውን፣ ለምን እንደተወጋሁት፣ ከተውኩትም በኋላ አበባዬ ቀርቶ መክረሙን፣ ቤተ ክርስቲያን እየገባሁ የከረምኩት ለዚህ እንጂ ለሌላ እንዳልሆነ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። «ይህ ደም የሞት አይደለም፣ እማማ። ስለምነው የከረምኩት ነው። አሁን ልወልድ እችላለሁ ማለት ነው።»

መሬት መሬቱን እያዩ ሰሙኝ። መርፌውን ስጠራ ይቆጣሉ ብዬ ነበር።

«በኛ ጊዜ ቢኖር እኔም እወጋ ነበር» አሉ። «የቀበርኳቸውን አልወልዳቸውም ነበር።» ራሳቸውን ነቀነቁ። «አይ፤ እወልዳቸው ነበር።»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። «ታዲያ ምንም አልነበረም ነው የምትዪኝ?»

«ምንም አልነበረም፣ እማማ።»

«እኔ ግን አቅፌው ነበር።»

ያኔ አለቀስኩ። ለእሳቸው ብቻ አዝኜ አይደለም፤ ቦዩ ላይ ተጠንቀቅ ያልኩት ትዝ ብሎኝ ነው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለታችንም ከደጅ ተቀመጥን። እሳቸው መግባት ይችሉ ነበር፣ አልገቡም።

መንገዱ ሲደርቅ ወደ ሀገራቸው ተመለሱ። የፈተሉትን ቀጭን ክር ጠቅልለው ከልብሳቸው መሀል ሲያስገቡ አየሁ። ስንሰነባበት ጉንጬን ይዘው ሳሙኝ፤ ደግሞ እንደ ድሮው ዝምተኛ ሆነዋል። ያ ወሬያቸው ናፈቀኝ። መስኮቱ ሥር ያለውን ወንበር ለብዙ ቀን ከቦታው አላነሣሁትም።

አበባዬ ከዚያ ወዲያ እንደ ልቡ ሆነ። አንድ ጊዜ ይመጣል፣ አንድ ጊዜ ይጠፋል፣ ሲለው ደግሞ ቶሎ ተመልሶ ያስደነግጠኛል። ሲስተሯ እንቁላሉን በእግሩ ማስኬዷን አልተወችም። ከፋሲካ በኋላ ቀረ፤ ቀርቶም አልተመለሰ። ሁለቱን መስመር ስታሳየኝ «ዛሬስ ምነው አትስቂም?» አለችኝ። ለመሳቅ ፈርቼ ነበር።

ለአማቴ ራሴ ደወልኩላቸው። ጽንስ በአፍ አይጠራም ቢሉም ያን ዓይነት ዝምታ ሁለተኛ አልችለውም። እልልታ ጠብቄያለሁ። ስልኩ ውስጥ የሚሰማኝ ግን የሀገራቸው ነፋስ ብቻ ነው።

«እማማ፣ ይሰማሉ?»

«ሰምቻለሁ ልጄ። ቆዪኝ እስኪ።»

ቆየኋቸው።

«የፊተኛውን ልቅሶ ገና አልጨረስኩትም» አሉ፤ ከዚያ ስልኩ ተቋረጠ።

አልተቀየምኩም አልልም። ተቀይሜያለሁ። ሌሎች እርጉዞች አማቶቻቸው ስለላኩላቸው ማርና ቅቤ ሲያወሩ እኔ ወደ ውጭ አያለሁ። አንዳንድ ቀን ግን፣ ልጁ ሆዴ ውስጥ ሲገላበጥ፣ ንዴቴን እረሳና እሳቸው አጠገቤ ኖረው ሆዴን ባስነካኋቸው እላለሁ። መውለጃዬ ሲደርስ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ከአውቶቡስ ተራ ደወሉ። ገብሱን በከረጢት አሸክመው መጥተው ነበር።

ጤና ጣቢያ ወለድኩ፤ ሴት ልጅ ናት። የገባው ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይለኛል፣ እኔም ደክሞኝ «ማርያም ታኑርልኝ» እላለሁ። አማቴ ሕፃኗን ታቅፈው መስኮቱ አጠገብ ቆመዋል፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዙረው ያዩዋታል። ከጎኔ ባለው አልጋ የተኛችውን ወላድ የምታስታምም አንዲት እናት ጠጋ አለቻቸው።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለዎት! የመጀመሪያ የልጅ ልጅዎ ናት?»

«ሁለተኛዬ ናት» አሉ አማቴ፣ ዐይናቸውን ከልጅቷ ላይ ሳያነሡ።

ባሌ ግራ ገብቶት ሊያርማቸው አፉን ሲከፍት፣ እጁን ቆነጠጥኩት።